የቀለሙ ጣሳ

እህቴን የሚያውቃት ሰው ሁሉ «ደረሰኝ» ይላታል። ፊት ለፊት «እትዬ» ይሏታል፤ ዘወር ስትል ደግሞ «ደረሰኝ መጣች፣ ኪሳችሁን ፈትሹ» ይባባላሉ። እሷም ታውቃለች። እኔ ብሆን ጥርሳቸውን አራግፍላቸው ነበር፤ እሷ ግን ስሙን እንደ ሹመት ተቀብላ ኖረችበት።

እኔ ታናሿ ነኝ፤ እታለም እላታለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ምላሷ ከመቀሷ ይስላል ይሉኛል፣ ይበሉ። የማወራችሁ ስለ እታለም ዓይን ነው። ዓይኗ እንዴት እንደጠፋ፣ ሲጠፋም እነማን እጃቸውን አጣጥፈው እንደቆሙ እነግራችኋለሁ። ለስለስ ያለ ወሬ የፈለገ ሌላ ቤት ይሂድ።

ልጅ ሆነን እናታችን ሱቅ ስትልከን፣ እኔ ከመልሱ ላይ ከረሜላ ሳልቀንስ የመጣሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። እታለም ግን ሳንቲሙን ጨብጣው ከመምጣቷ የተነሳ መዳፏ በላብ ርሶ፣ የሳንቲሙ ቅርጽ ቆዳዋ ላይ ታትሞ ነበር የምትመለሰው። አድጋ የጭነት መኪና ሾፌር አገባች፤ ልጅ ሳይወልዱ መኪናው ይዞት ገደል ገባ። ከዚያ በኋላ አንድ የጅምላ ነጋዴ ዘንድ ገንዘብ ተቀባይ ሆና ዓመታት ሠራች። ነጋዴው አንድ ቀን ጠርቶ አመሰገናትና በቦታዋ የወንድሙን ልጅ አስቀመጠ። የወንድሙ ልጅ በመንፈቁ ካዝናውን ጠራርጎ ጠፋ። እኔ እሰይ ብዬ ጨፈርኩ፣ እሷ አዘነች። እንዲህ ዓይነት ሰው ናት፤ አብሮ መኖሩ ያደክማል።

ድርጅቱ ያገኛት ያኔ ነው። ድርጅት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ወንዝ ዳር ያለ አንድ አሮጌ መጋዘን ነው። ወንዙ ያመጣውን ቆሻሻ ይለቅማሉ፣ ከፕላስቲኩና ከዛገው ብረት ቅርጻ ቅርጽ ይሠራሉ፣ ችግኝ ያፈላሉ፣ የትምህርት ቤት ልጆች ሰብስበው ያሠለጥናሉ። ቀለማቸውን የሚያወጡት ከአፈር፣ ከከሰልና ከቅጠል ነው። ከሱቅ የተገዛ ቀለም እዚያ ግቢ ዝር አይልም፤ የሣሉት ሥዕል ዝናብ ሲመታው ታጥቦ መሬት መግባት አለበት ባዮች ናቸው። በሩ ላይ «ከአፈር ተበድረን ለአፈር እንመልሳለን» የሚል ጣውላ ሰቅለዋል። ለአፈርስ ይመልሳሉ፣ እሱን አልክድም። የሰው ሲሆን ነው ችግሩ።

ዳይሬክተሩ ሠዓሊ ነው። እጁ የተባረከ፣ አፉ ማር፣ ሒሳቡ ዜሮ። እታለም ከመምጣቷ በፊት አንድ ለጋሽ ለችግኝ ብሎ የላከውን ገንዘብ ወስዶ ብረት መቁረጫ ማሽን ገዛበት። ኋላ ተቆጣጣሪ መጥቶ ዛፉን አሳዩኝ ሲል ማሽኑን አሳዩት። ሰውዬው ማሽኑን አየ፣ ባርኔጣውን ደፋ፣ ሄደ። ለጋሹም ያንጊዜውኑ እጁን ሰበሰበ፤ ድርጅቱ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም ነበር። እንግዲህ «ጠንካራ ገንዘብ ያዥ እንፈልጋለን» ብለው እታለምን የወሰዱት በዚያ ድንጋጤ ነው።

እሷም ገብታ የመጀመሪያ ሥራዋ የዱቄት ወተት ጣሳ መሰብሰብ ሆነ። ባንክ ገንዘቡን ሁሉ አንድ ቋት ውስጥ ያንቦጫርቀዋል ብላ አታምነውም። የየጊዜውን ወጪ አውጥታ በየጣሳው ትከፍላለች፤ የችግኝ፣ የልጆች፣ የወንዝ፣ የቀለም፣ የደመወዝ። ጣሳዎቹ ብረት ቁምሳጥን ውስጥ ይቆለፋሉ፣ ቁልፉ አንገቷ ላይ ይንጠለጠላል። ይህም አልበቃት ብሎ የየጣሳውን ኖት ጠርዝ ለየብቻው ታጥፋለች፤ የችግኙን በግራ፣ የቀለሙን በቀኝ፣ የልጆቹን ከታች። አንዷ ኖት ከጣሳዋ ወጥታ ሌላ ቤት ብታድር ይታወቅባታል ማለት ነው። «የወንዙ ለወንዙ፣ የቀለሙ ለቀለሙ» ትላለች፤ በዚች አባባሏ ሰው ሁሉ ይስቅባታል፣ ሰው ሁሉ ደግሞ ይፈራታል። ከዚያ ወዲህ ግን የለጋሽ ተቆጣጣሪ መጥቶ አንድ ነገር ጎደለ ብሎ አያውቅም።

አንዱ ጣሳ ብቻ ሁልጊዜ ባዶ ነበር፣ የደመወዙ። ሰው ለዛፍ ይሰጣል፣ ለወንዝ ይሰጣል፣ ለልጆችማ እያለቀሰ ይሰጣል፤ «ይህቺን ለገንዘብ ያዥዋ ደመወዝ አድርጉልኝ» ብሎ የሚሰጥ ለጋሽ ግን እናቱ አልወለደችውም። ሠዓሊው ሥዕል ሽጦ ይኖራል፣ የግቢው አናጢ የውጭ ሥራ ይይዛል፣ እታለም ምን ትሽጥ? ደመወዟ ከወር ወር እየተንከባለለ ተከመረ። ቤቱ የሚበላው ከኔ የስፌት መኪና ነበር። በየቀኑ እጨቀጭቃታለሁ፣ እሷ በየቀኑ «ይመጣል» ትለኛለች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

አንድ ነገር ደግሞ መናገር አለብኝ፤ ለእህቴ ስል ብዘለው ቀሪው አይገባችሁም። ግቢው ውስጥ አንዲት ሸክላ ሠሪ አለች፣ ዝምተኛ፣ እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ። እናቷ ሩቅ ከተማ ሞተችባትና ለመጓጓዣና ለቀብር ብላ ከእታለም ብድር ጠየቀች። የደመወዙ ጣሳ ባዶ ነው። የልጆቹ ጣሳ ግን ጢም ብሏል። እታለም ከንፈሯን መጠጠች፣ አቀፈቻት፣ ከራሷ ቦርሳ ያላትን ሰጠቻት፤ ቦርሳዋ ውስጥ ደግሞ ከታክሲ ሒሳብ በቀር ምን ሊኖር? ስለ ጣሳው ግን «የልጆች ለልጆች ነው፣ እህቴ» አለቻት። ሸክላ ሠሪዋ ከየጎረቤቱ ለቃቅማ ስትደርስ እናቷ ተቀብራ ነበር። ተመልሳ መጥታ ምንም አላለችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

የእታለም ዓይን መድከም የጀመረው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። መጀመሪያ የበር መቃን ትከሻዋን እየመታት «ይህን በር ማን አጠበበው?» ትል ጀመር። ቀጥሎ ውሃ ከብርጭቆው ጎን ትቀዳ ጀመር። መነጽር ነው የሚያስፈልጋት ብዬ በግድ ጎትቼ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ነገር አይሸፋፍንም። ሞራ ቢሆን ደስ ባለኝ አለ። የዓይን ግፊት ነው፤ የጠፋው ብርሃን ጠፍቷል፣ አይመለስም፤ የቀረውን ማትረፍ ይቻላል፤ ግን ክረምቱ ሳይገባ ቀዶ ጥገና ካልተደረገላት የቀረውም ይሄዳል። ዋጋውን ሲነግረን እታለም አንገቷን ነቀነቀች፣ የሆነ ደረሰኝ የተቀበለች ይመስል።

ሁለት የስፌት መኪና ነበረኝ፣ ደህናውን ሸጥኩ። ግማሹ ሞላ። ለቀሪው ግማሽ ምን ያስጨንቀናል አልኩ፤ ድርጅቱ ጋ የተከመረው ደመወዟ ከዚያ ይበልጣል። የራስሽን ገንዘብ ጠይቂ አልኳት። ልመና አይደለም፣ ብድርም አይደለም።

ጠየቀች። ከዳይሬክተሩ፣ ከአናጢውና ከሸክላ ሠሪዋ ጋር ስብሰባ ተቀመጡ፤ የድርጅቱ ኮሚቴ እነዚህ ሦስቱ ናቸው። የሆነውን ኋላ አናጢው ነው የነገረኝ፣ ዓይኔን ማየት አቅቶት መሬት መሬት እያየ። ያን ሰሞን የቀለሙ ጣሳ ሞልቶ ነበር። አንድ ለጋሽ ከተማው መሀል ባለ ግድግዳ ላይ ትልቅ ሥዕል ሣሉ ብሎ ሰጥቷል፤ የግድግዳው ባለቤት ፈቃድ እስኪሰጥ ገንዘቡ ቁጭ ብሏል። እታለም ውዝፍ ደመወዟ ከዚያ ለጊዜው ይከፈላት ዘንድ ኮሚቴው ተስማምቶ እንዲፈርም ጠየቀች። ያለ ፊርማ አንዲት ኖት እንደማትነካ ያውቃሉ። ሸክላ ሠሪዋ ከጥፍሯ ስር ጭቃ እያወጣች «እትዬ፣ የቀለሙ ለቀለሙ አይደለም እንዴ?» አለች። አናጢው ጉሮሮውን ጠረገና ተወው። ዳይሬክተሩ ደግሞ ወደ እታለም ጠጋ ብሎ፣ በዚያ የማር አፉ፣ «ፊርማ ብቻ አታስፈርሚን፣ ለጋሹ ቢያይ ያልቅልናል። ቁልፉ እንደሆነ አንገትሽ ላይ ነው። ብትወስጂ ማን ያይሻል?» አላት።

እኔ ይህን ሰው ከዚያ ወዲህ ሰው ብዬ ጠርቼው አላውቅም። እንደማትሰርቅ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። የማትበላውን ነገር አቅርቦ ለጋስ ሆኖ ተነሳ።

ቤት መጥታ ስትነግረኝ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ልክ ናቸው።» ልክ ናቸው አለችኝ እኮ! ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል አልኳት። አሁን ተረት የሚተረትበት ነው? አለችኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አልኳት። እሱን እንኳ እውነትሽን ነው ብላ ሳቀች። ደሜ ፈልቶ ነጠላዬን ብድግ አድርጌ ወጣሁ።

ዳይሬክተሩ ጋ ሄድኩ። ወንበር ሳበልኝ፣ ውሃ አቀረበልኝ። እናታችን እኮ ናት አለኝ፣ ለጋሹ እጄን ባያስረው አለኝ፣ እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ አለኝ፤ ከዚያ እውነቴን ነው፣ አለቀሰ። ቀለም በነካ ጣቱ ጉንጩን ሲጠርግ ፊቱ ላይ ቡናማ ምልክት ቀረ። «እጅህ ታስሮ ከሆነ በየትኛው እጅህ ነው እንባህን የምትጠርገው?» አልኩት። ውሃውን ሳልነካለት ወጣሁ።

ከዚያ ያደረግኩትን በኩራት ነው የምነግራችሁ። እሑድ እታለም ጸጉሯን ልትታጠብ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ሚስማር ላይ ሰቀለችው። ወሰድኩት። የመጋዘኑ ዘበኛ ያውቀኛል፤ ነጠላዋን ረስታ ነው አልኩት። ቁምሳጥኑን ከፍቼ ከቀለሙ ጣሳ የጎደለንን ያህል ብቻ፣ አንድም ሳልጨምር፣ አወጣሁ። የሠራችበትን ነው፤ ሌባ የሚለኝ ካለ ይምጣ። ከራሴው ገንዘብ ጋር ቀላቅዬ፣ ኖቱን አመሳቅዬ፣ ጨርቅ ውስጥ ቋጠርኩት፤ ቁልፉንም ሚስማሩ ላይ መለስኩት። ለእታለም አንዲት ደንበኛዬ አበደረችኝ አልኳት። እግዜር ይስጣት ብላ መረቀቻት።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ከገንዘብ ተቀባዩ መስኮት ፊት አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ተራችን ደረሰ። እታለም እጇን ዘረጋችና «አምጪው፣ እኔ ልቁጠረው» አለች። እኔ እቆጥረዋለሁ አልኳት። «እኔ እያለሁ?» አለች። ሰጠኋት፣ ምን ላድርግ? ያን ጊዜ የምታየው ጥላ ጥላውን ነበር፤ ጣቶቿ ግን ያያሉ። የኔን ኖቶች አለፈች፣ አለፈች፣ ከዚያ አውራ ጣቷ ቆመ። የኖቱን የቀኝ ጠርዝ ዳሰሰችው። ቀጣዩንም ዳሰሰችው። ሁለት ቦታ ለይታ ጭኗ ላይ ከመረችው፤ የኔን ወዲህ፣ ያን ወዲያ።

«ይህ የቀለሙ ነው» አለችኝ ቀስ ብላ።

ለመንኳት። ሰው ሁሉ እያየኝ ጉልበቷን ይዤ ለመንኳት። የሠራሽበት ነው አልኳት፤ ዓይንሽ ነው አልኳት፤ ስታገግሚ ትመልሻለሽ አልኳት። ተነሳች። ለገንዘብ ተቀባዩ ይቅርታ ጠየቀችው፣ የኔ ልጅ፣ ተሳስተን ነው አለችው። ወደ በሩ ስትሄድ ወንበር መታት፣ አልቆመችም። መንገዱን ሁሉ እያለቀስኩና እየተሳደብኩ ተከተልኳት፤ የሰደብኩት ማንን እንደሆነ እንኳ አላስታውስም፣ መንገደኛውንም ሳልሰድብ አልቀረሁም።

መጋዘኑ ገብታ ኖቶቹን አንድ በአንድ ጠርዛቸውን እያስተካከለች ጣሳው ውስጥ መለሰች። ቁምሳጥኑ ከሸክላ ሠሪዋ ቦታ ፊት ለፊት ነው። ሸክላ ሠሪዋ ሁሉንም አየች፣ ገንዘቡንም፣ የኔን ፊትም። እጇ ላይ ያለውን ጭቃ ለአፍታ ያዝ አደረገችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ሥራዋን ቀጠለች።

በኔ ገንዘብ የዓይን ጠብታ ገዛን። ጠብታው ትንሽ አዘገየው እንጂ አልያዘውም። አንድ ጠዋት እታለም አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ «ዛሬ ምነው መስኮቱን አልከፈትሽም?» አለችኝ። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ፀሐዩ ፊቷ ላይ አርፎ ነበር። ከፍቼዋለሁ ማለት አቅቶኝ ሄጄ ዘጋሁትና እንደገና ከፈትኩት። እሷ ገባት። «ተይው፣ አትልፊ» አለችኝ።

ሥራዋን ግን አልተወችም። ሌላ ሰው ለመቅጠር የደመወዙ ጣሳ ባዶ ነዋ! እኔ ከስፌቴ እየተነሳሁ እጇን ይዤ እወስዳታለሁ፣ ወረቀቱን አነብላታለሁ፣ እሷ በጭንቅላቷ ትደምራለች። ነፃ አገልጋይ ፈለጋችሁ? ሁለት አገኛችሁ።

የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል የቀለሙ ለጋሽ መልእክት ላከ። ያልተሠራበት ገንዘብ ይመለሳል፣ የሚመለሰውም ያህል ከመጪው ዓመት ይቀነሳል አለ። ግቢው ታመሰ። ለእታለም ዓይን ያልተሯሯጠ እግር ሁሉ ለጣሳው ሮጠ። የግድግዳው ፈቃድ በሳምንት አለቀ። ምን ይሣል ሲባል ዳይሬክተሩ ሐሳብ መጣለት፤ የእታለም ፊት ይሣል አለ። ባለውለታችን ናት፣ ድርጅቱን በእንባዋና በላቧ ያቆመች እናት ናት፣ ለጋሹም እንዲህ ያለ ነገር ይወዳል። ፎቶ ሊያነሷት ቤታችን ሲመጡ በመጥረጊያ ነው የተቀበልኳቸው። እታለም ግን ተያቸው አለችኝ፤ ገንዘቡ ከሚመለስ ይሣሉበት አለች፤ ጸጉሯንም አበጠረች።

ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ፤ ያውም በማይክራፎን። የምረቃው ቀን ድንኳን ተተከለ፣ ወንበር ተደረደረ፣ እንግዶች መጡ። ዳይሬክተሩ ተናገረ፣ ድምፁ ተቆራረጠ፣ ሰው አጨበጨበ። እታለም አንድ ነገር ትበልልን ተባለና ማይክራፎኑን አፏ ድረስ አመጡላት። «ሁሉም ደረሰኝ ይኑረው» አለች። ሕዝቡ ሳቀ፣ ቀልድ መስሎት ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበላት። ሸክላ ሠሪዋ ብቻ አልሳቀችም፤ ከድንኳኑ ጥግ ቆማ እጇን ቀሚሷ ላይ ትጠርግ ነበር፣ እጇ ንጹሕ ሆኖ ሳለ።

እታለም ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «ዓይኔን እንዴት አድርገው ሣሉት?» አለችኝ። ቀና ብዬ አየሁ። አንዱ ዓይን ብቻ የቤታችንን በር ያክላል። ከቀይ አፈርና ከከሰል ነው የሠሩት፤ ሥራውን አልነፍግም፣ ሕይወት አለው። ትልቅ ነው አልኳት። «ወዴት ነው የሚያየው?» አለች። ወደ ወንዙ አልኳት። ደስ አላት። ፈገግ አለች፤ ሲያጨበጭቡ አብራ አጨበጨበች።

ሰኞ የሥዕሉን ደረሰኞች ልንዘጋ መጋዘኑ ገባን። እኔ አነባለሁ፣ እሷ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ታዳምጣለች። የመወጣጫ ኪራይ። የግድግዳ ማለስለሻ። የእንግዶች ምሳ። ቀጣዩን አነሳሁና በልቤ ሁለቴ አነበብኩት። ዳይሬክተሩ ዛፍና ወንዝ እንጂ ፊት መሣል አይሆንለትም፤ ስለዚህ ከሌላ ከተማ ስመ ጥር ሠዓሊ አስመጥቷል። ወረቀቱ «ለፊትና ለዓይን ሥዕል የእጅ ዋጋ» ይላል። ገንዘቡ ሐኪሙ የጠየቀንን ሞልቶ የታክሲ ይተርፈዋል።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለችኝ።

ልዘለው አስቤ ነበር። ከዚያ ደግሞ እልህ ያዘኝ፤ ትስማው፣ አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ትጩህ፣ ጣሳዎቹን አንስታ ከግድግዳው ጋር ታላትማቸው አልኩ። ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት፣ ዓይን የምትለዋንም ቃል፣ ገንዘቡንም። ሸክላ ሠሪዋ ከወዲያ ሆና ሥራዋን አቆመች። የእታለም ጣቶች ጠረጴዛው ላይ ተሰበሰቡ፣ ተመልሰው ተዘረጉ። ሒሳቡን እያሰላች እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያንን ዋጋ አልረሳችውም።

«ከቀለሙ ጣሳ ነው የወጣው?» አለች።

«ከቀለሙ ነው።»

«ፊርማ አለው?»

አየሁት። የዳይሬክተሩ አለ፣ የአናጢው አለ፣ ከስር ደግሞ ጭቃ የነካው የጣት ምልክት ያለበት የሸክላ ሠሪዋ አለ።

«የሦስቱም አለው» አልኳት።

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ መስኮቱ ያለው ግን በሌላ በኩል ነበር።

«እንግዲያው ልክ ነው፣ አስገቢው» አለችኝ። አስገባሁትና ቀጣዩን አነሳሁ፤ የማይክራፎን ኪራይ ነበር።